ከጀርባዬ የነበረው አግዳሚ

አትጠገብ መሞቷን የሰማሁት ጢሜን ስላጭ ነው። የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ በበራችን ሲያልፍ «ሹሩባ ሠሪዋ አትጠገብ አርፋለች! ቀብር በስድስት ሰዓት!» ብሎ ጮኸ። ምላጩን አስቀመጥኩ። ግማሽ ጉንጬ ሳሙና እንደተቀባ ከመስተዋቱ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ሰማንያ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት የቀረኝ ሰው ነኝ፤ ታላላቆቼንም ታናናሾቼንም ቀብሬያለሁ። በማንም ሞት ግን ጢሜን በግማሽ ትቼ አላውቅም።

ከቀብር ስንመለስ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። የዕድሩ ዳኛ ተነሥተው ስለ እሷ ጥቂት ተናገሩ። የሕመም ማስታገሻ መርፌ ለምዳ እንዴት እንደተሠቃየች፣ ቀኝ እጇን እንዴት እንዳጣች፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ወደ መርፌው ሳትመለስ በክብር እንደኖረች አወሱ። ቀጥለው ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«ይህችን ሴት ያተረፋት እዚህ የተቀመጠው ታከለ ነው» አሉ። «መድኃኒቱን ዶክተሩ አመጣ እንጂ፣ ማን እንደሚድንበት ለይቶ ያወቀው እሱ ነው። እሱ መርጦ ባያስገባት ኖሮ ይህን ለቅሶ የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት በተቀመጥነው ነበር።»

ከኋላዬ የተቀመጡት ሴቶች «እግዜር ይስጥህ፣ አያ ታከለ» አሉ። አንዲቱ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። እኔ ጋቢዬን ወደ ላይ ሳብ አድርጌ ማጅራቴን ሸፈንኩ። ብርድ አልነበረም።

ይህን የምጽፈው በዚያ ድንኳን መናገር የነበረብኝን ስላልተናገርኩ ነው።

ስለ ራሴ ብዙ አልልም፤ የሚያውቀኝ ያውቀኛል። በዘመናዊ ትምህርት አራተኛ ክፍልን አልጨረስኩም። ይሁን እንጂ በየመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ የሚመጣውን ቀጭን ወረቀት እያነበብኩ፣ ያልገባኝን ቃል ከመዝገበ ቃላት እየለቀምኩ፣ እንግሊዝኛን ያለ አስተማሪ ተምሬያለሁ። ቁስል በማሰር ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሚደርስብኝ አልነበረም። ዲፕሎማ የያዙ ሦስት ሰዎች በተለያየ ጊዜ ወደ ጎን ወሰድ አድርገውኝ «ጋሽ ታከለ፣ ይሄን እንዴት ነው የምናደርገው?» ብለው ጠይቀውኛል። እነማን እንደሆኑ አልናገርም፤ ያፍራሉ።

ከሁሉም በላይ የምኮራው ግን ሰው በማወቄ ነበር። አንድ ሕመምተኛ ከበሩ ገብቶ ወንበሩ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ፣ መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው የሚወስድ ይሁን ሁለት ቀን ውጦ የሚተው እለይ ነበር። ብዙ ጊዜ ልክ ነበርኩ። ልክ ያልሆንኩበትን ጊዜ ደግሞ አልቆጥረውም ነበር።

ቁስል አሳሪ ሆኜ የሠራሁባት ክሊኒክ ከደብረ ማርቆስ ወደ ይጁቤ በሚያስወጣው መንገድ ዳር የነበረች ባለ ሦስት ክፍል ቤት ናት። ዛሬ ብሎኬት ማምረቻ ሆናለች። የእኛ ሚሊኒየም ሊገባ ጥቂት ዓመት ሲቀረው አንድ ወጣት ዶክተር መጥቶ ይሠራባት ጀመር። በዚያ ጊዜ በከተማው ውስጥ የሕመም ማስታገሻ መርፌ የለመዱ ሰዎች ነበሩ። ብዙ አይደሉም፤ ደግሞም ስለሚያፍሩ አይናገሩም። አንዱ በኩላሊት ጠጠር፣ ሌላው በስብራት ምክንያት ተወግቶ፣ ሕመሙ ሲተወው መርፌው ያልተወው ነው። መርፌውን ያጡ ቀን ያንቀጠቅጣቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል፣ አጥንታቸው ውስጥ ውርጭ የገባ ይመስላቸዋል።

ዶክተሩ ለእነዚህ ሰዎች አንድ ሽሮፕ አስፈቅዶ አመጣ። በቀን አንድ ጊዜ ይጠጣል። የመርፌውን ቦታ ይዞ ሰውነትን ያሳርፋል፤ ከዚያ መጠኑ በወራት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሳል። ችግሩ፣ ያገኘው መድኃኒት ለአራት ሰው ብቻ የሚበቃ ነበር። መርፌውን መተው እንፈልጋለን ብለው የመጡት ደግሞ አምስት ናቸው።

«ጋሽ ታከለ» አለኝ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ። «ይሄ መድኃኒት አንዱን ያድናል፣ አንዱ ደግሞ ጀምሮ ይተወዋል። ማን የትኛው እንደሆነ አስቀድሜ ባውቅ አንዲት ጠብታ አላባክንም ነበር። መጻሕፍቱም አጥርተው አይነግሩኝም። እርስዎ ሰዉን ያውቃሉ። ማን ይጸናል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቅ ነበር። «ዝርዝሩን ስጠኝ» አልኩት።

የእኔ መለኪያ ጾም ነበር። ጾም የሚያጠብቅ ሰው ሆዱን መግዛት ያውቃል፤ ሆዱን የገዛ ደግሞ መርፌን ያሸንፋል ብዬ አመንኩ። ለዶክተሩም ይህንኑ አስረዳሁት፤ በማስታወሻ ደብተሩ ጻፈው። በአንደኛነት ያስቀመጥኩት መሪጌታን ነው። መሪጌታ ዲማ ያስተምሩ የነበሩ፣ ቁመታቸው የዘለቀ፣ ድምፃቸው ደረት የሚያስተጋባ ሊቅ ናቸው። በኩላሊት ጠጠር ምክንያት ለሕክምና ማርቆስ መጥተው መርፌው ለመደባቸውና እዚሁ ከዘመድ ቤት ቀሩ። በጾም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። «እሳቸው ካልዳኑ ማንም አይድንም፤ አንገቴን እሰጣለሁ» አልኩት ዶክተሩን። ከእሳቸው ቀጥዬ አንድ ጡረተኛ ወታደር፣ አንድ የአይሱዙ ሾፌርና አንድ እህል ነጋዴ አስቀመጥኩ።

አምስተኛዋ አትጠገብ ነበረች።

አትጠገብ ያኔ አርባ ዓመት አይሞላትም። ገበያው ዳር በሸራ ጥላ ሥር ተቀምጣ የሴቶች ፀጉር ትሠራለች። ለጥምቀትና ለፋሲካ ሰሞን ሴቶች ከማለዳ ጀምረው ተራ ይይዙላት ነበር። ከአዲስ አበባ ስትመለስ አባይ በረሃ ላይ አውቶቡስ ተገልብጦ ዳሌዋ ተሰበረ። ሆስፒታል ወራት ተኝታ ስትወጣ ዳሌዋ ድኗል፤ መርፌው ግን አብሯት ወጣ። ባል የላት፣ ልጅ የላት። አንድ ዓርብ ከረፋዱ በአራት ሰዓት ሻይ በዳቦ ስትበላ በዓይኔ አይቻት ነበር። ለእኔ ያ በቂ ነበር። «ይህቺ አትጸናም» ብዬ ከስሟ ጎን ጻፍኩ።

ውጤቷን ልትጠይቅ የመጣች ቀን ከበሩ ቆማ «አያ ታከለ፣ ስሜ አለ?» አለችኝ።

«አለ።»

«ስንተኛ ነኝ?»

«አምስተኛ።»

«መድኃኒቱ ለስንት ሰው ነው?»

«ለአራት።»

ሳቀች። «እንግዲያማ አለ አትበለኛ! ስምሽ ደጅ ቆሟል በለኝ እንጂ።»

የዶክተሩን ደንብ ነገርኳት። ሰባት ቀን ተከታትሎ የቀረ ሰው ከመድኃኒቱ ይወጣል፤ በቦታው እሷ ትገባለች። እስከዚያ ቤቷ ሆና ትጠብቅ፣ እንልክባታለን።

«እኔን ፍለጋ ማን ይላካል? እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ» አለችና ከበሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሁለት ቀን መጥታ የምትተወው መስሎኝ ነበር። ከኅዳር ጀምሮ በየጠዋቱ መጣች።

ሥራው እንዲህ ነበር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት አራቱ በየተራ ይመጣሉ። እኔ ከቁም ሣጥኑ ጠርሙሱን አውጥቼ በመለኪያው እቀዳለሁ፤ እፊቴ ቆመው ይጠጣሉ፤ በካርዳቸው ላይ በቀኑ ትይዩ ራይት አደርጋለሁ። ጠርሙሱ የጎደለውና ካርዱ ላይ ያለው መግጠም አለበት። ዶክተሩ ጠዋት ሌላ ቦታ ስለሚሠራ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ያያቸዋል። ጠረጴዛዬ ከግድግዳው ጋር ተገጥሞ ነበርና ስሠራ ጀርባዬን ለበሩ እሰጣለሁ። አትጠገብ ደግሞ ከበሩ አጠገብ፣ ከጀርባዬ ናት።

አንዳንድ ቀን መርፌዋን አግኝታ ረጋ ብላ ትመጣለች። አንዳንድ ቀን ሳታገኝ አድራ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ ትመጣለች። በሁለቱም ቀን ጣቶቿ አያርፉም። የነጠላዋን ዘርፍ እንደ ሹሩባ ትጎነጉናለች፤ አምስት ሰዓት ሲሆን ጨርሳ፣ መልሳ ፈትታ ትነሣለች። ስትነሣ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበራት።

«ዛሬ ሁሉም መጡ?»

«ሁሉም መጥተዋል።»

«ተመስገን። ነገ እመጣለሁ።»

ተመስገን ስትል ከልቧ ነበር። ለእሷ ቦታ የሚገኘው አንዱ ሲወድቅ እንደሆነ እያወቀች፣ አራቱ በመምጣታቸው ደስ ይላት ነበር። ይህን ያኔ ሞኝነት ብዬው ነበር።

ጨዋታ ታውቃለች። ዕድሜ ልኳን የሰው ጭንቅላት ከኋላ ስላየች ሰውን ከማጅራቱ አውቃለሁ ትል ነበር። ሾፌሩ ጠጥቶ ሲወጣ «ይሄ ሰውዬ ሁለት ቤት አለው» አለችኝ አንድ ቀን። «በምን አወቅሽ?» ስላት «ኋላውን ሁለት ዓይነት እጅ ነው የሚቆርጠው» አለች። በኋላ ስናጣራ እውነት ሆኖ ተገኘ። እኔንም አልማረችኝም። አንድ ጠዋት የወታደሩን መጠን አብልጬ ቀድቼ ኖሮ፣ መልሼ እየገለበጥኩ «መለኪያው ነው የተንሻፈፈ» ብዬ ቆጣ አልኩ። ሰውዬው ሲወጣ ከጀርባዬ ሳቋን ለቀቀችው።

«አያ ታከለ፣ ፊትህን ባላይም የዳኛ ፊት እንደሆነ አውቃለሁ። ማጅራትህ ግን ላብ በላብ ሆኗል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዝም ብለሽ መቀመጥ አትችዪም?» አልኳት። ማጅራቴን በእጄ ስነካው እውነትም ርሷል።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

መሪጌታ እስከ ቅበላ ድረስ አንድ ቀን አልቀሩም። ፊታቸው ተመልሶ ነበር፤ ዲማ ሄጄ ወንበሬን ዘርግቼ አስተምራለሁ ይሉኝ ነበር። በቅበላ ማግስት፣ የጾሙ መጀመሪያ ሰኞ ጠዋት፣ መጡና መለኪያውን ስዘረጋላቸው እጃቸውን አልዘረጉም።

«ታከለ፣ በረቡዕ በዓርቡም በነቢያት ጾምም እየከበደኝ ጠጥቻለሁ፤ በዚህ ጾም ግን ከቅዳሴ በፊት በአፌ ምንም አይገባም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብመጣስ?»

አሁን ልብ በሉ። ዶክተሩ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ነው። ለእሱ አንድ ቃል ብነግረው የመሪጌታን ሰዓት ያዞርላቸው ነበር። ወይም ለመሪጌታ «የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፣ ለሕመምተኛ መድኃኒት ይፈቀዳል» ማለት እችል ነበር፤ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል፣ የሚያስታውሳቸው ሰው ብቻ ነበር የፈለጉት። እኔ ግን ጽናታቸውን ሳይ ኮራሁ። የመረጥኩት ሰው! እንዲህ ያለ ሰው ሰዓት ይቀየርልኝ ብሎ ዶክተር ፊት እንዲቆም አልፈለግሁም።

«ደንቡ ጠዋት ነው» አልኳቸው። «ደግሞ እርስዎ እኮ መሪጌታ፣ ያለ እሱም ይችሉታል።»

መርቀውኝ ሄዱ። ማግስቱንም አልመጡ፣ ከማግስቱ ወዲያም።

በስምንተኛው ቀን ስማቸውን ማውጣት ነበረብኝ። አትጠገብ ከጀርባዬ ተቀምጣለች። ካርዳቸውን አወጣሁ፤ ሰባት ባዶ ቤት አለው። ዶክተሩ ሲያየው የሚለው ታየኝ፤ «ጋሽ ታከለ፣ አንገትዎን ይሰጡላቸው የነበሩት ሰው?» ከፋሲካ በኋላ ይመለሳሉ፣ ጾሙ ራሱ ይይዛቸዋል፣ አልኩ ለራሴ። ሰባቱንም ቤት ራይት አደረግሁ። ጠርሙሱና ካርዱ እንዲገጥሙ የሰባት ቀኑን መጠን ቀድቼ እጅ መታጠቢያው ውስጥ ደፋሁና ውኃ ለቀቅሁበት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። መጀመሪያ ራይት፣ ቀጥሎ መድፋት፣ ቀጥሎ ውኃ። አንዲት ሴት ለዚያች መለኪያ ስትል ከኋላዬ እየተንቀጠቀጠች፣ እኔ መለኪያዋን ለቱቦ አጠጣሁ።

አንድ ጠዋት «መሪጌታን ካየኋቸው ቆየሁ» አለችኝ።

«ሰው እንዳያያቸው በጓሮ በር ነው የሚገቡት» አልኳት።

«እህ» አለች። ስትነሣም እንደ ወትሮዋ «ዛሬ ሁሉም መጡ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሁሉም መጥተዋል።»

እንደ በፊቱ ተመስገን አላለችም። «ነገ እመጣለሁ» ብቻ አለች።

ዶክተሩ ስለ መሪጌታ ሲጠይቀኝ «በዚህ ሰዓት ቅዳሴ ላይ ናቸው» እለዋለሁ። ካርዱን አይቶ በደስታ ራሱን ይነቀንቃል።

በገብር ኄር ሳምንት አትጠገብ ቀኝ እጇን በነጠላዋ ሸፍና መጣች። ጣቶቿ አይጎነጉኑም። «አሳዪኝ» አልኳት። ከክርኗ በታች አብጦ ወይን ጠጅ መስሏል። የሚወጋት ሰው ሲጠፋ ራሷ በግራ እጇ መውጋት ጀምራ ኖሯል። አጠብኩት፣ አሰርኩት፤ በማሰር እንደማልታማ ነግሬያችኋለሁ። «ሆስፒታል ሂጂ፤ ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም» አልኳት።

«ሆስፒታል ከገባሁ ቦታዬ ያልፈኛል። ምናልባት ነገ አንዱ ቢቀርስ?»

ጠረጴዛዬ ላይ የመሪጌታ ካርድ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ራይት ያደረግሁበት ቀለም አልደረቀም። «ሂጂ ግድ የለም» አልኳት። «አራቱም ጠንካሮች ናቸው፤ ማንም አይቀርም።»

አልሄደችም። አሥር ቀን ያህል ክንዷን ታቅፋ መመላለሷን ቀጠለች። ከሆሳዕና በፊት በነበረው ሐሙስ ስገባ አግዳሚው ባዶ ነበር። ከጀርባዬ ማንም እንደሌለ ባውቅም ሦስት ጊዜ ዞሬ አየሁ። ሰዎች አንሥተው ሆስፒታል እንዳስገቧት፣ እጇም ከክርን በታች እንደተቆረጠ የሰማሁት ቅዳሜ ነው።

በማግስቱ ሆሳዕና ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ወደ መሪጌታ ማረፊያ ሄድኩ። ምን ፍለጋ እንደሄድኩ አላውቅም፤ ድነው ባገኛቸው ቢያንስ አንድ እውነት ይኖረኛል ብዬ ይሆናል። ተኝተው አገኘኋቸው። ከአልጋው ሥር የመርፌ ብልቃጥ ነበር። ሊደብቁት አልሞከሩም።

«በሁለተኛው ሳምንት ወደቅሁ» አሉኝ። «ሽሮፑ በአፍ ይገባል፣ ጾም ያስገድፋል አልኩ። መርፌ ግን በአፍ አይገባም፣ ጾም አይሽርም ብዬ ራሴን አታለልኩ። አየህ እንግዲህ የሊቅን ጥበብ!» ሊስቁ ሞክረው አልሆነላቸውም። «ደግሞ ጸጸቱን ያቀለለልኝ፣ ቦታዬን ለዚያች አግዳሚ ላይ ለምትቀመጠው ምስኪን የሰጠሃት መስሎኝ ነበር። እንዴት ሆነችልህ?»

«ደኅና ናት» ብያቸው ወጣሁ። መሪጌታ ከፋሲካ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ለዶክተሩ «መሪጌታ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ አቁመዋል» አልኩት። ካርዱን ተቀብሎ አገላበጠ፤ እስከ ሆሳዕና ድረስ ሙሉ ነው። «ይገርማል» አለ። «ጾሙ እስከ መጨረሻው አካባቢ ይዟቸዋል ማለት ነው። የእርስዎ መለኪያ ልክ ነበር።» ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። ያ ወጣት የማያውቀውን ነገር ለማወቅ ከልቡ ይፈልግ ነበር፤ እኔ ውሸት ሰጠሁት፣ እሱ ዕውቀት ብሎ ይዞት ሄደ። ዛሬ የት እንደሚሠራ አላውቅም። ያን ገጽ አምኖ ማንን አስገብቶ ማንን እንደከለከለም አላውቅም።

አትጠገብ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ቀኝ እጅጌዋ ባዶ ሆኖ መጣች። ከአግዳሚው አልፋ እፊቴ ስትቆም የመጀመሪያዋ ነበር። መለኪያውን በለመድኩት በኩል ዘረጋሁላት፤ በግራ እጇ ዞራ ተቀበለችኝ። ጠጥታ «መራራ ነው» አለች። «ለዚህ ነው ያን ሁሉ ጊዜ ያስቀመጥከኝ?»

ያቺ «አትጸናም» ያልኳት ሴት አንድ ቀን አልቀረችም። በዝናብ መጣች፣ በበዓል መጣች። በሚቀጥለው ሁዳዴ በሁለት ሰዓት መጥታ ስትጠጣ «ጾሙስ?» አልኳት።

«መድኃኒት እራት ነው እንዴ?» አለችኝ። «የታዘዘልኝን እጠጣለሁ፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ።»

መጠኑ እየቀነሰ እየቀነሰ፣ በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ባዶውን መለኪያ አሳየኋትና ጨረሰች። ፀጉር መሥራት ግን ቀረ። ከአንዲት ሹሩባ ሠሪ ጓደኛዋ ጎን ትቀመጥና በግራ እጇ ማበጠሪያውን ይዛ መስመሩን ትከፍል ነበር፤ ጓደኛዋ ትጎነጉናለች። ሴቶቹ እስከ መጨረሻው አትጠገብ ሠራችኝ ነበር የሚሉት።

ዶክተሩ ከማርቆስ ሊለቅ ሲል «እሷን ምን አጸናት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ከመጀመሪያው አይቼባት ነበር» አልኩት። ይህ ወሬ ከተማውን ዞረ፤ እኔም አላስተባበልኩም። ዓመት ባለፈ ቁጥር ራሴም ማመን ጀምሬ ነበር። እውነቱ ግን፣ ማን እንደሚጸና የሚያሳየው ምልክት እፊቴ ባሉት በአራቱ ላይ አልነበረም። ምንም ሳይሰጣት፣ ምንም ተስፋ ሳልሰጣት፣ አምስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ የምትመጣ ሰው ነበረች። ያን መለኪያ ለማየት ዲፕሎማም መዝገበ ቃላትም አያስፈልግም፤ ዞር ማለት ብቻ ነበር።

ባለፈው ጳጉሜን ጉበቷን ታማ ተኝታለች ሲሉኝ ልጠይቃት ሄድኩ። ፊቷ ጠቁሯል፤ ሳቋ ግን ያው ነው። ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህሉ አወራን። ከዚያ በተራ ድምፅ እንዲህ አለችኝ።

«አያ ታከለ፣ የመሪጌታን መድኃኒት በየቀኑ ስትደፋው አያሳዝንህም ነበር?»

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ከበሩ ላይ ተቀምጬ ማን እንደገባ የማላውቅ መስሎህ ነው? የጓሮ በር ያልከኝን ደግሞ ዞሬ አይቼዋለሁ፤ የተሰባበረ አልጋ ተደርድሮበታል። እንኳን መሪጌታ ድመትም አታልፍበት። ውኃውንም እሰማ ነበር። ማጅራትህንማ ተወው።»

«ታዲያ ለምን ለዶክተሩ አልነገርሽውም?»

የግራ እጇ ጣቶች የነጠላዋን ዘርፍ ይዘው ሊጎነጉኑ ይሞክራሉ፤ በአንድ እጅ አይሆንም።

«ብነግረው ያባርርህ ነበር። አንተ ደግሞ ከሥራህ በቀር ምን አለህ? በየቀኑ ‹ሁሉም መጡ?› የምልህ ለምን ነበር? ሳላይ ቀርቼ ነው? አንተ ራስህ እንድትለው ነበር። ዛሬ ይለዋል፣ ነገ ይለዋል እያልኩ ጠበቅሁህ።» ወደ ጣሪያው አየች። «ሰው አውቃለሁ ትል ነበር። እኔም አንተን ያወቅሁህ መስሎኝ ነበር። ይሄ ሰውዬ ጉረኛ ነው እንጂ ክፉ አይደለም፣ ይናገራል ብዬ ነበር። አንተ በእኔ ተሳሳትክ፣ እኔ ባንተ።»

አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ እሷ ፊት። «አሁን እናገራለሁ» አልኳት። «ለማንም ለምትዪው እናገራለሁ።»

«አሁን ለእኔና ላንተ ምን ያደርጋል? ለቅሶዬ ላይ ተናገር። ያኔ ሰው ይሰበሰባል፣ አንተም ሰው ሲሰበሰብ መናገር ትወዳለህ» ብላ ሳቀችብኝ።

«እናገራለሁ። ማርያምን እናገራለሁ።»

«እስቲ ዙርልኝ» አለች።

ተነሥቼ ጀርባዬን ሰጠኋት። ረጅም ጊዜ ማጅራቴን አየችው። ምን እንዳየች አልነገረችኝም። «በል ሂድ፣ ይመሽብሃል» ብቻ አለችኝ።

ምን እንዳየች የገባኝ ድንኳኑ ውስጥ፣ ጋቢዬን ማጅራቴ ላይ ስስብ ነው።

አርባዋ ኅዳር ውስጥ ይወጣል። ይህንኑ ጽሑፍ ይዤ ቆሜ አነባዋለሁ። ጋቢዬን ቤት ትቼ ነው የምሄደው፤ ከኋላ የሚቀመጡት ሴቶች ማጅራቴን ይዩት።